የመድኃኒት ፓተንት፦ ቶሎ ማመልከት ወይስ መረጃ እስኪጠናከር መቆየት?

ፓተንት (ሌሎች ፈጠራውን እንዳይጠቀሙበት የሚከለክል መብት) በአብዛኞቹ አገሮች የሚቆየው ከማመልከቻው ቀን አንስቶ 20 ዓመት ነው። ክሊኒካዊ ሙከራው ከዚህ ላይ ብዙ ዓመት ይበላል።

ሞለኪውሉ እንደተገኘ ማመልከት
ጥቅሙ፦ ቀድሞ ያመለከተ ይቀድማል።
ወጪው፦ በ12 ወር ውስጥ ወደ ሌሎች አገሮች ወይም ወደ ፒሲቲ (በአንድ ማመልከቻ ብዙ አገሮችን የሚያካትት ዓለም አቀፍ ስምምነት) ማስፋት አለ፤ በ30ኛው ወር ገደማ ደግሞ የየአገሩ የትርጉምና የጠበቃ ክፍያ ይከመራል፤ ሞለኪውሉ ያን ጊዜ ገና ሰው ላይ ሳይሞከር ሊሆን ይችላል።
ስጋቱ፦ በጥቂት ምሳሌ ሰፊ መብት መጠየቅ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 የመድኃኒት ኩባንያው አምጀን ከተፎካካሪው ሳኖፊ ጋር በተሟገተበት የፀረ እንግዳ አካላት ጉዳይ የአምጀንን ሰፊ መብት ውድቅ ያደረገው በዚህ ነው። ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት፦ ማመልከቻው በ18 ወር ይታተማል፣ ከዚያም የራስዎን የኋላ ማመልከቻ (ለምሳሌ በመድኃኒቱ የጨው ወይም የክሪስታል ቅርጽ ወይም በአወሳሰድ መጠኑ ላይ) ለፓተንት የሚጠየቀውን አዲስነት ሊያሳጣ ይችላል።

መቆየት
ጥቅሙ፦ 20ው ዓመት ዘግይቶ ይጀምራል፣ ማስረጃውም ይጠነክራል።
ስጋቱ፦ ተፎካካሪ፣ ከዚያም የራስ አፍ። አሜሪካ ለራስ ይፋ ማድረግ የ1 ዓመት ዕፎይታ ትሰጣለች፤ በአውሮፓ ግን አዲስነቱን ለማሳጣት አንድ የጉባኤ ፖስተር ይበቃል።

ብዙ ኩባንያ የሚሻማበት ዒላማ ከሆነ ቶሎ ያመልክቱ። ተመራማሪዎቹ ጥቂት፣ ሚስጥሩም የተጠበቀ ከሆነ መቆየት ያዋጣል። ቶሎ አመልክተው መረጃው ደካማ ከሆነብዎ፣ ሳይታተም አንስተው እንደገና ማስገባት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን የማመልከቻ ቀን ግን ያጣሉ።