ሸክሙ የቀለለው የሲሲኤንኤ ፈተና

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ሥራ ላይ የዋለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ለጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያዎች የሚሰጠው የሲሲኤንኤ 200-301 ፈተና፣ ፍሬም ሪሌይ የተባለውን አሮጌ የረጅም ርቀት ግንኙነት ቴክኖሎጂ ያስወገደው የ2016ቱ እትም የጀመረውን ጽዳት በመቀጠል ሪፕንና ኢአይጂአርፒን (ኔትወርኮችን የሚያገናኙት ራውተሮች የመረጃ መንገድ የሚመርጡባቸውን ፕሮቶኮሎች ወይም የሥራ ደንቦች) እንዲሁም ፒፒፒን (ሁለት መሣሪያዎችን በቀጥታ መስመር የሚያገናኘውን ፕሮቶኮል) ከይዘቱ አውጥቷል። በእኔ ግምገማ የሪፕ መሰናበት ዘገየ እንጂ አልፈጠነም፤ በየ30 ሰከንዱ ሙሉ የራውቲንግ ሰንጠረዡን (የመንገዶች ዝርዝሩን) ለጎረቤቶቹ የሚልክ፣ የመስመሩን ፍጥነት ከግምት ሳያስገባ የሚታለፉትን ራውተሮች ብቻ የሚቆጥርና ከ15 በላይ ሲሆኑ መንገዱን እንደሌለ የሚወስድ ፕሮቶኮል አዲስ ኔትወርክ ለሚዘረጋ ባለሙያ እምብዛም አይጠቅምም (ለጀማሪ ማስተማሪያነት ግን ከእርሱ የቀለለ መኖሩን እጠራጠራለሁ)። የኢአይጂአርፒ ጉዳይ ይለያል። በነባር ኔትወርኮች ላይ ዛሬም የሚሠራ በመሆኑ፣ ከሲሲኤንኤ በላይ ወዳለው የሲሲኤንፒ ደረጃ መገፋቱ አዲሱን ሠራተኛ የራውተሩን መንገዶች የሚዘረዝረውን «ሾው አይፒ ራውት» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ የኢአይጂአርፒ ምልክት በሆነው በ«ዲ» ፊደል የተመለከቱ መስመሮችን ሲያይ ግራ ሊያጋባው ይችላል።

በተለቀቀው ቦታ ሰፋ ያለ የሽቦ አልባ ኔትወርክ ትምህርትና 10 በመቶ ክብደት ያለው አውቶሜሽን (ኔትወርክን በፕሮግራም በራስ-ሰር ማስተዳደር) ገብተዋል። ምርጫው ትክክል ቢሆንም፣ የአውቶሜሽኑ ክፍል ጄሰን በተባለው የመረጃ ማስቀመጫ ቅርጸት የተጻፈን ጽሑፍ ከማንበብና ፅንሰ ሐሳቦችን ከመለየት ብዙም ስለማይዘልቅ ተፈታኙ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) መጻፍን ለብቻው ቢለማመድ ይሻለዋል። ለጀማሪዎች ፈተናውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ አሮጌ መሣሪያዎችን ለሚረከብ ሰው ግን የቀድሞው መማሪያ መጽሐፍ ገና የሚጣል አይደለም።