በድሬዳዋ የተከራየሁት የአትክልት ማቀዝቀዣ ክፍል፦ ከስድስት ወር በኋላ

ከሐረማያና ከኮምቦልቻ የምሰበስበውን ካሮትና ጥቅል ጎመን፣ አንዳንዴም ቲማቲም፣ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ለሚያሻግሩ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። ማለዳ በደጋው ብርድ የተጫነው አትክልት ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ሲደርስ የሚጠብቀው ሙቀት ሌላ በመሆኑ፣ ገዢው እስኪመጣ ድረስ ዕቃ ማሳደር ሁልጊዜ ጭንቀት ነበር። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት በከተማው ከተከፈተ ማቀዝቀዣ ክፍል ላይ ቦታ ተከራየሁ።

በመጀመሪያ የማመሰግነው ቅዝቃዜውን ሳይሆን ከክፍሉ ጋር የሚያከራዩትን የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ቀድሞ ቲማቲም የምጭንበት የእንጨት ሣጥን ምስማሩ ፍሬውን ይወጋል፤ ከታች ያለው ደግሞ ከላይ ያለውን ተሸክሞ ስለሚጓዝ፣ ሲራገፍ ጭማቂው በመኪናው ወለል ላይ ይፈስ ነበር። ይህኛው ሲደረደር ክብደቱ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ በቀዳዳዎቹም አየር ይዘዋወራል። ታጥቦ ስለሚመለስ በየጊዜው ለሣጥን የሚቆረጠውን ዛፍ ያተርፋል፤ ባዶው ከጅቡቲ እስኪመለስ የሚያዘው መያዣ ገንዘብ ግን ለእንደኔ ዓይነቱ አነስተኛ ነጋዴ ይከብዳል።

ዋናው ቅሬታዬ ክፍሉ አንድ ብቻ መሆኑና ሁሉም ነገር በ7 ዲግሪ መቀመጡ ነው። ካሮትና ጎመን ወደ 0 የተጠጋ ቅዝቃዜ ይወዳሉ፤ ያልበሰለ ቲማቲም ግን ከ10 ዲግሪ በታች ሲሰነብት ይጎዳል፣ በኋላም በወጉ አይቀላም። ከዚህ የባሰው አንድ ጊዜ የገዢዬ መኪና ዘግይቶ ካሮቴ አምስት ቀን ከበሰለ ማንጎ ጋር ማደሩ ነው። የሚበስል ማንጎ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ካሮትን ያመርረዋል። ገዢዬ አንዱን ሰብሮ ቀመሰና ምንም ሳይናገር መልሶ ከሣጥኑ ውስጥ አኖረው። በማግስቱ ለክፍሉ ጠባቂ ብነግረው፣ «ጋሼ፣ ሁሉም አትክልት አይደል እንዴ?» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም፤ ያላስተማሩት አሠሪዎቹ ናቸው።

አገልግሎቱ «አረንጓዴ» ተብሎ ይተዋወቃል። ጣሪያው ላይ ያሉት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ቀን ቀን በእርግጥ ይሠራሉ፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ግን የሚነሳው በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ነው። በነገራችን ላይ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጅቡቲ ባቡር በዚህችው ከተማ ያልፋል፤ ኤሌክትሪካችንም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። የእኔ ካሮት ግን ዛሬም በአይሱዙ ይሄዳል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ቀረጥ ቢያስቀንስም፣ ድንበር ላይ የሚደርሰው ዕቃ ካልተሸጠ ለእኛ የሚያተርፈው የለም።

ኪራዩ በሣጥንና በሌሊት የሚታሰብ ሲሆን፣ ከሚተርፈው ዕቃ አንጻር ተገቢ ነው። ሒሳብ አያያዛቸውም ንጹሕ ነው። ለካሮትና ለጎመን ውሌን አድሻለሁ፤ መግቢያው ላይ ማንጎ አለመኖሩን ግን ራሴ ሳላይ አላስገባም። ቲማቲሜን ደግሞ ሁለተኛ ክፍል እስኪከፍቱ ድረስ በእነሱው ሣጥን፣ በእኔ ግቢ ጥላ ሥር፣ ዙሪያውን እርጥብ ጆንያ ሰቅዬ አሳድረዋለሁ።