አነስተኛ ሚዲ ኪቦርድ ስንመርጥ፦ ሦስት ታዋቂ ሞዴሎች ሲነጻጸሩ

በቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመሥራት አነስተኛ ሚዲ ኪቦርድ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው በላዩ የተደረደሩትን ማዞሪያዎችና መብራት ያላቸውን ፓዶች (በጣት የሚመቱ ለስላሳ አዝራሮች) ነው። እኔ ግን ቀድሞ መፈተሽ ያለበት ቁልፉ ነው እላለሁ፤ መሣሪያው በራሱ ድምፅ የለውምና። ቁልፉ ሲነካ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው የትኛው ኖታ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚናገር መልእክት ብቻ ሲሆን፣ ድምፁን የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ ከኪቦርዱ የሚጠበቀው ዋና ነገር የተጫዋቹን ጣት ሳያዛባ ማንበብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው የሚዲ ደንብ (የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ቋንቋ) የአመታቱን ኃይል ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ያስቀምጠዋል፤ በተግባር የሚለካውም ቁልፉ ወደ ታች የሚወርድበት ፍጥነት ነው። ይህን መፈተሽ ቀላል ነው። የፒያኖ ድምፅ ከፍተው አንዱን ቁልፍ መጀመሪያ በጣም በስሱ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እያጠነከሩ ይምቱትና ሶፍትዌሩ የመዘገበውን ቁጥር ይመልከቱ። ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚያድግ ከሆነ ቁልፉ ጥሩ ነው፤ ከ40 ተነሥቶ በአንዴ 110 የሚደርስ ከሆነ ግን በእርሱ የሚቀዳ ዜማ ሁሉ ወይ የሚያንሾካሹክ ወይ የሚጮኽ ይሆናል። እዚያው ተስፋ ከመቁረጥ በፊት በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ የንክኪ ስሜቱን መለወጥ ይገባል፤ አንዳንዴ ችግሩ በዚያ ይፈታል።

የቁልፉ ብዛት ሁለተኛው ጉዳይ ነው። 25 ቁልፍ ማለት ሁለት ኦክታቭ (እያንዳንዱ 12 ቁልፍ) እና አንድ ተጨማሪ ኖታ ማለት ነው። ለቤዝ፣ ለአንድ እጅ ዜማና ለአጫጭር ኮርዶች ይበቃል፤ ከዚያ ለሚያልፈው ቁልፎቹን ወደ ቀጭን ወይም ወደ ወፍራም ድምፅ የሚያሸጋግር የኦክታቭ መቀያየሪያ አለ። ግራ እጁ ቤዝ፣ ቀኝ እጁ ዜማ መጫወት የለመደ ሰው ግን በዚህ መጠን መጨናነቁ ስለማይቀር፣ ጠረጴዛው ጠባብ ቢሆንም እንኳ ወደ 37 ወይም 49 ቁልፍ ቢሄድ ይሻለዋል።

ባለ 25 ቁልፍ ከሆኑት መካከል ሦስቱን ላነጻጽር። የአካይ ኤምፒኬ ሚኒ ሦስተኛው ትውልድ 8 ፓድና 8 ማዞሪያ አለው፤ ድምፅን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፊያው በአውራ ጣት የሚንቀሳቀስ ትንሽ ዘንግ ነው። ሥራውን ከከበሮ ምት ለሚጀምር ሰው እመክረዋለሁ። የኖቬሽን ላውንችኪ ሚኒ ሦስተኛው ትውልድ 16 ፓዶች ያሉት ሲሆን፣ አብልተን ላይቭ የተባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ስለሆነ ፓዶቹ በስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ክሊፖች (አጫጭር የሙዚቃ ቁራጮች) በቀጥታ ያስነሣሉ፤ በዚህ ሶፍትዌር ለማይጠቀም ሰው ግን ትልቁ ብልጫው ይቀርበታል። የአርቱሪያ ሚኒላብ 3 ደግሞ 8 ፓድ፣ 8 ማዞሪያና 4 ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ይዟል፤ ባለ 5 እግር የሚዲ መውጫም ስላለው የቆየ ሲንተሳይዘርን (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) ያለ ኮምፒውተር ማዘዝ ይቻላል። ሦስቱም የሰስቴን ፔዳል (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁን የሚያቆይ የእግር መርገጫ) ይቀበላሉ። በአንድ ሶፍትዌር ሳይወሰን ሁሉንም በመጠኑ ለሚሠራ ሰው የእኔ ምርጫ ሚኒላብ 3 ነው።

ስለ ማዞሪያዎቹ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ገዢ ሳያስተውለው የሚያልፍ ልዩነት አላቸውና። የላውንችኪ ሚኒ ማዞሪያዎች መነሻና መድረሻ አላቸው፤ የሚኒላብ 3ና የኤምፒኬ ሚኒው ግን ያለ ገደብ ይሽከረከራሉ። መነሻና መድረሻ ያለው ማዞሪያ ከታች ቆሞ ሳለ በስክሪኑ ላይ የፊልተሩ (ከድምፁ ከፊሉን የሚያጣራው) መጠን ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ማዞሪያውን በነካነው ቅጽበት ድምፁ በድንገት ሊዘል ይችላል። ይህን የሚከላከል ማስተካከያ በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ስላለ፣ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ማብራት ተገቢ ነው።

በመጨረሻም፣ ቁልፉን ተጭነው ድምፁ ዘግይቶ ቢመጣ ኪቦርዱን ለመመለስ አይቸኩሉ። መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት ከሚያጠራቅምበት በፈር ነው። በ44,100 ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና) ሲሠራ 1,024 ናሙና የያዘ በፈር ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ 128 ናሙና ከሆነ ግን መዘግየቱ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። በሚጫወቱበት ጊዜ በፈሩን ዝቅ ያድርጉት፤ ቀረጻው አልቆ ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን) ሲጀመርና ፕለጊኖች (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) ሲበዙ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዳይንተባተብ መልሰው ከፍ ያድርጉት።