ግንኙነቱ ሲቋረጥ ተመልሶ የሚጣራ የግፊት መለኪያ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የእማዬን ግፊት ቤት ውስጥ መለካት የጀመርነው ሐኪሟ ስላዘዙ ነው። ጠዋትና ማታ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ እንዲመጣላቸው ፈለጉ። መጀመሪያ በደብተር ሞከርን። አንድ ቀን ይጻፋል፣ ሁለት ቀን ይረሳል። ስለዚህ ውጤቱን በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚልክ መለኪያ ገዛን። ከመስከረም ወዲህ በየቀኑ እየሠራ ነው። የምርቱን ስም አልጠራም። የማወራው ነገር የትኛውንም የብሉቱዝ መለኪያ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅም ስለሆነ ነው።

ስለ ልኬቱ ብዙ የምለው የለኝም። ክሊኒክ ይዘነው ሄደን ከእነሱ ማሽን ጋር አስተያይተነዋል፤ የሚያሳስብ ልዩነት የለውም። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ዓይነት ነው። ቁጥሩ ጎላ ብሎ ስለሚታይ እማዬ ያለ መነጽር ታነበዋለች። አምስት ደቂቃ ታርፋለች፣ ጀርባዋን ትደገፋለች፣ እግሯን መሬት ታሳርፋለች፣ ክንዷን ከልቧ ትይዩ ታደርጋለች። ጠዋት የምትለካው ቡና ሳትጠጣ ነው። ይሄ ሁሉ የየትኛውም ማሽን ወግ ነው።

የእኔ ጉዳይ ከልኬቱ በኋላ ያለው ነገር ነው።

ማሽኑ የሚጠቀመው ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ከብሉቱዝ 4.0 ጋር የመጣ ሲሆን ትንሽ ባትሪ ለረጅም ጊዜ እንዲበቃ ታስቦ የተሠራ ነው። ልኬቱ ሲያልቅ ማሽኑ አጫጭር የሬዲዮ ምልክቶችን መልቀቅ ይጀምራል። ባለሙያዎቹ አድቨርታይዚንግ ይሉታል። «የግፊት መለኪያ ነኝ፣ የምሰጠው መረጃ አለኝ፣ የሚፈልገኝ ይገናኘኝ» እንደማለት ነው። የታክሲ ረዳት አስቡ። ታክሲው ክፍት ቦታ ካለው «ቦሌ! ቦሌ!» ይላል፣ ሲሞላ ዝም ይላል። ማሽኑም ስልክ ሲገናኘው መጣራቱን ያቆማል። ዋናው ጥያቄ ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ ነው። እንደገና ይጣራል ወይስ በዚያው ዝም ብሎ ይቀራል?

የብሉቱዝ ደንብ ግንኙነት ሲፈጠር ጥሪው እንዲቆም ያደርጋል። ሲቋረጥ ግን ጥሪው በራሱ እንዲቀጥል አያስገድድም። ውሳኔው የተተወው የማሽኑን ፕሮግራም ለጻፈው ሰው ነው። ኢኤስፒ32 በሚባለው ቺፕ ላይ አርዱዪኖ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ የሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ግንኙነት ሲቋረጥ «ጥሪውን ጀምር» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ ካልጻፈ መሣሪያው መብራቱ በርቶ፣ ሥራውን እየሠራ፣ በስልክ ግን አይገኝም። ተበላሽቶ አይደለም። ተጣራ ያለው የለም፣ በቃ።

ከዚህ በፊት የነበረን መለኪያ እንዲህ ነበር። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ዓይነት ነው። አንዴ ከስልክ ከተለያየ ባትሪው ወጥቶ እስኪገባ ድረስ አይታይም ነበር። ለእናት በየቀኑ ባትሪ አውጥቶ መክተት አይሆንም። መሳቢያ ገባ፣ እዚያው ቀረ።

አዲሱን ስንገዛ እንግዲህ ፍለጋዬ ይሄው ነበር። ስልኬ ላይ ኤንአርኤፍ ኮኔክት የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫንኩ። ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር የሚባለው የኖርዌይ ቺፕ ሠሪ ያወጣው ነው። በዙሪያው ያለውን የሎው ኢነርጂ መሣሪያ ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል፣ ምልክቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና በስንት ሚሊሰከንድ ልዩነት እንደሚጣራ ጭምር።

እማዬ ለክታ ስትጨርስ የማሽኑ ስም ዝርዝሩ ላይ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይጣራል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ይዘገያል፣ በየሰከንዱ ገደማ ይሆናል። ይህ ከደንቡ ጋር ይሄዳል። የብሉቱዝ ማኅበር ለግፊት መለኪያዎች ባወጣው ሰነድ የሚመክረው ለመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች በየ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ፣ ከዚያ በኋላ ከ1 እስከ 2.5 ሰከንድ ባለው ልዩነት መጣራትን ነው። አፕልም ለመሣሪያ ሠሪዎች የሚሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ በ20 ሚሊሰከንድ፣ ከዚያ ቀስ ያሉ የተመረጡ ቁጥሮች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፍጥነት መጣራት ስልኩ ቶሎ እንዲያገኘው ያደርጋል፣ ባትሪ ግን ይበላል።

ጥሪው የሚወጣው በሦስት ቻናሎች ነው፦ 37፣ 38 እና 39። ቦታቸው 2402፣ 2426 እና 2480 ሜጋኸርዝ ነው። ዋይፋይ በብዛት ከሚቀመጥባቸው ከ1፣ 6 እና 11 ቻናሎች ራቅ እንዲሉ ተብለው የተመረጡ ናቸው። በየጥሪው መሃል እስከ 10 ሚሊሰከንድ የሚደርስ የዘፈቀደ መዘግየትም ይጨመራል፣ ሁለት መሣሪያዎች ሁልጊዜ እኩል እየተጣሩ እንዳይጋጩ። የኛ ቤት ራውተር ከእማዬ ወንበር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው ያለው። እስካሁን ችግር አልፈጠረም።

አሁን ወደ መቋረጡ። መቋረጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ብዙ ነገር ያስረዳል።

የመጀመሪያው ተሰናብቶ መሄድ ነው። ማሽኑ ውጤቱን ይልካል፣ ስልኩ «ደርሶኛል» ይላል፣ ማሽኑ ራሱ ግንኙነቱን ይዘጋል። ኤንአርኤፍ ኮኔክት ላይ 19 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ከወዲያኛው ወገን ሆን ተብሎ ተዘጋ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የኛ ማሽን አይጣራም። ትክክል ነው። የሚልከው የለውም፣ ባትሪውን ለምን ያባክናል?

ሁለተኛው ሳይሰናበቱ መጥፋት ነው። ውጤቱ እየተላለፈ ሳለ ስልኬን ይዤ ወደ ግቢ እወጣለሁ። ማሽኑ ይህን ወዲያው አያውቅም። ስክሪኑ ላይ ያለችው የብሉቱዝ ምልክት ጥቂት ሰከንዶች እንደበራች ትቆያለች። በደንቡ መሠረት ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ እስከ 32 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ ሲገናኙ የሚወስነው በአብዛኛው ስልኩ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ቁጥሩ 8 ይሆናል። ከዚያ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። ተመልሶ እየተጣራ ነው! መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቀስ እያለ። ተመልሼ ስገባ ስልኬ ያገኘዋል፣ የቀረው ውጤት ይተላለፋል። ስልኩ መቀበሉን ሳያረጋግጥ ማሽኑ ውጤቱን እንደ ተላከ አይቆጥርም። ለዚህ ማሽን ያለኝ ትልቁ አድናቆት እዚህ ላይ ነው። ከሐኪሟ ዝርዝር ላይ የሸሸን ልኬት የለም ለማለት ያስቻለን ይሄ ነው።

«ላከው እንዴ?» ትላለች እማዬ ጨርቁን እየፈታች። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው።

አይደለም የምልባቸው ቀናት ግን ነበሩ። የታናሽ ወንድሜ ስልክም ላይ የማሽኑ መተግበሪያ አለ። እሱ ቤት ካለ ስልኩ ከበስተጀርባ ሆኖ ቀድሞ ይገናኛል። በዚያ ቅጽበት ማሽኑ መጣራቱን ስለሚያቆም የኔ ስልክ «መሣሪያው አልተገኘም» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይመልሳል። አልተበላሸም፣ ተይዟል። የወንድሜ ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ በራሱ እንዳይገናኝ አድርገን ፈታነው። ሁለት ልጆች የእናታቸውን ግፊት የሚከታተሉበት ቤት ካለ፣ አንዱ ስልክ ተቀባይ ይሁን፣ ሌላው ከእሱ ይጋራ።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ከልኬት በኋላ በአካባቢው ስልክ ካልተገኘ ማሽኑ ትንሽ ጠብቆ ይተኛል። ውጤቱ አይጠፋም፣ በሚቀጥለው ልኬት አብሮ ይሄዳል። ግን እስከዚያ ድረስ «ተነስና ተጣራ» የሚባልበት ቀላል መንገድ የለውም። አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ማቆየት ይቻላል፤ ያ ግን እንደ አዲስ የማጣመሪያውን ሂደት ያስጀምራል። ስልኩም የማያውቀው መሣሪያ እንዳገኘ ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃል። ለእማዬ ይህ ግራ የሚያጋባ ነው። አጠር ያለ ጭነት የቀረውን ውጤት እንዲልክ ቢደረግ ምን ነበረበት? በፕሮግራም በኩል ትልቅ ሥራ አይመስለኝም።

ባትሪው ሲደክምም መጀመሪያ የሚጎድለው ይሄው ተመልሶ መጣራት ነው። መለካቱን ይለካል፣ አንዴ ከተቋረጠ ግን ብልጭታዋ አትመለስም። የባትሪው ምልክት ገና ግማሽ ሲያሳይ ነው ይህን ያየሁት። አሁን ብልጭታዋ ስትጠፋ አራቱንም ባትሪ እቀይራለሁ።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሱቁ ውስጥ ይህን ሞክሩ። ኤንአርኤፍ ኮኔክትን ጭናችሁ ሂዱ። ሻጩን አንዴ እንዲለካችሁ ጠይቁ፣ የማሽኑ ስም ሲመጣ ተገናኙ። ከዚያ የስልኩን ብሉቱዝ አታጥፉ፤ ስልኩ ብዙ ጊዜ ተሰናብቶ ስለሚወጣ ፈተናው አይያዝም። ይልቁንስ እንደተገናኘ ስልካችሁን ይዛችሁ ራቅ በሉ፣ 8 ቁጥርን እስክታዩ ድረስ። ተመልሳችሁ ግቡና ዝርዝሩን አድሱት። የማሽኑ ስም ማንም ሳይነካው ተመልሶ ከመጣ ግዙት። ካልመጣ ሌላ ሞዴል እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።