በሐዋሳ የግል ወይስ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ? ሁለቱንም ያየች እናት ግምገማ

ትልቋ ልጄ 9ኛና 10ኛ ክፍልን ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተምራ፣ 11ኛና 12ኛን በመንግሥት ትምህርት ቤት አጠናቅቃለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ እሷ በለቀቀችው የግል ትምህርት ቤት ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱንም የማውቃቸው ከልጆቼ ደብተር፣ ከሪፖርት ካርድና ከክፍያ ደረሰኝ ነው። የትምህርት ቤቶቹን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በእነርሱ ብቻ የሚታዩ አይደሉም፣ በሁለቱም ግቢ ውስጥ ደግሞ ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ መምህራን አሉ።

ጉዳዩ ለወላጅ ከባድ የሆነው በአንድ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ 10ኛ ክፍል ላይ ይሰጥ የነበረው አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። ልጁ 8ኛ ክፍል ላይ የክልሉን ፈተና ከወሰደ በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ፣ ማለትም አራት ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ አካል አይመዝነውም ማለት ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ስለ ልጃችን የምናውቀው ትምህርት ቤቱ የነገረንን ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ ስልክ በማይገባበት ሁኔታ መሰጠት ሲጀምር የታየውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በመጀመሪያው ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ካላለፉት ልጆች መካከል 80 እና 90 የተጻፈበት ሪፖርት ካርድ ቤታቸው የነበራቸው አሉ። እኔም ሁለቱን ትምህርት ቤቶች የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው፦ ስለ ልጄ እውነቱን፣ ገና ጊዜ እያለ የሚነግረኝ የትኛው ነው?

ከግሉ ልጀምር፤ መልካም ጎኑም ብዙ ነው። በልጄ ክፍል 36 ተማሪዎች ነበሩ፣ የክፍል ኃላፊዋም የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይ ታውቃለች። ልጅ ከቀረ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ይደወላል። በየሳምንቱ መጨረሻ ወላጅ ፈርሞ የሚመልሰው የመገናኛ ደብተር አለ፤ ግቢው ንጹሕ ነው፣ ውኃም አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግሊዝኛው። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ እንደመሆኑ፣ ከታች ጀምሮ በቋንቋው የተለማመደ ልጅ ባዮሎጂውን ሲያነብ ቃል እየፈታ አይደለም። ይህን ዋጋ የተረዳሁት በጎረቤቴ ልጅ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ 8ኛን በጥሩ ውጤት ያለፈ ብሩህ ልጅ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ትምህርቱ አልከበደውም፤ የከበደው ትምህርቱ የተጻፈበት ቋንቋ ነበር፣ ከዚህም ለመውጣት ዓመት ያህል ወስዶበታል። ለዚህ ጉዳይ የግሉ ትምህርት ቤት በእኔ ዘንድ ያለ ማመንታት ይመሰገናል።

ነገር ግን እምነቴን ያጣሁት በዚሁ ትምህርት ቤት በማርኩ ላይ ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ሳለች አንድ ምሽት የፊዚክስ ደብተሯን ገለጥኩ። ጥያቄው ከ20 ሜትር ከፍታ ላይ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል የሚል ነበር። ልጄ ቀመሩን በትክክል ጽፋ፣ ቁጥሮቹን አስገብታ፣ መጨረሻ ላይ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ረስታ 4 ሰከንድ ብላለች፤ መልሱ 2 ነው። ከአጠገቡ በቀይ ብዕር ትልቅ የራይት ምልክትና «ቬሪ ጉድ» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ገጾቹን ወደ ኋላ ስገልጥ የተሠራውም፣ ግማሹ የቀረውም፣ የተሳሳተውም አንድ ዓይነት ራይት ተሰጥቶታል። በሪፖርት ካርዷ ላይ የፊዚክስ ውጤቷ 93 ነበር። ዝርዝሩን ስጠይቅ 10 ለደብተር፣ 15 ለአሳይመንት፣ 5 ለተሳትፎ መሆኑ ተነገረኝ፤ አሳይመንቱ ደግሞ በቡድን የሚሠራና አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን የሚጽፉበት ነው። ቢሮ ሄጄ ይህን ሳነሣ የተሰጠኝ መልስ «ወላጆች ዝቅተኛ ውጤት ሲያዩ ልጃቸውን ያስወጣሉ» የሚል ነበር። ይህን አባባል በቁም ነገር ነው የወሰድኩት፤ ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይደለም፣ እኛ ወላጆችም ከፍለን ከፍ ያለ ቁጥር ስንጠብቅ ኖረናል።

ሁለተኛው ጉድለት የመምህራን አለመርጋት ነው። በዚያ ዓመት ልጄ ሦስት የፊዚክስ መምህራን ተፈራርቀውባታል፤ አንዱ በኅዳር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ፣ ሁለተኛው ከገና በኋላ ለቀቀ፣ ሦስተኛው ምዕራፉን ከየት እንደሚቀጥል ከተማሪዎቹ ጠየቀ። ለምዝገባ በሄድን ጊዜ በኩራት ያሳዩን ላቦራቶሪም አለ፦ ግድግዳው ላይ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ማይክሮስኮፕ። ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ላስቲክ ሲገለጥ አላየችም።

ክፍያውን ባጭሩ ልለፈው። የሁለቱ ልጆች ወርሃዊ ክፍያ፣ መመዝገቢያው፣ ሰርቪሱ፣ ዩኒፎርሙና የቅዳሜ ቱቶሪያሉ ተደምሮ ከቤታችን ገቢ ሲሶውን ይወስድ ነበር። ጭማሪው በየዓመቱ ክረምት ላይ በስብሰባ ይነገራል፤ ወላጅ አስተያየት እንዲሰጥ ቢጠየቅም ልጁን በነሐሴ ወዴት ሊወስደው ይችላል?

ልጄን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ለማዛወር ስወስን ከቤተሰብ የተቃወመኝ ብዙ ነበር። መሸኛውንና ትራንስክሪፕቱን ይዘን ሄደን በተመዘገብን ቀን እኔም ፈርቼ ነበር። በክፍሏ 68 ተማሪዎች አሉ፣ ሦስት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱ በፈረቃ ነው፣ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። በየካቲትና በመጋቢት በሐዋሳ ሙቀት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች ከሰዓት በኋላ 68 ሆኖ መማር ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁት መጻሕፍት ለሁሉም ስላልደረሱ ልጄ ግማሹን ትምህርት ያነበበችው በስልኬ ከቴሌግራም በወረደ ፒዲኤፍ ነው። ልጅ ከቀረ ማንም አይደውልም፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ውሎ የሚመለስ ተማሪ መኖሩን እያወቅሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የክፍል ኃላፊውን በአካል እየሄድኩ ጠይቄአለሁ። ይህን ማድረግ የማይችል ወላጅ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ይሁን እንጂ በዚያ በተጨናነቀ ክፍል ልጄ በግሉ ያላገኘቻቸውን ሁለት ነገሮች አግኝታለች። የመጀመሪያው በአንድ ቦታ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ መምህራን ናቸው። የኬሚስትሪ መምህሯ ተማሪ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚሳሳት አስቀድመው ያውቃሉ፤ የተሳሳተውን ልጅ ወደ ሰሌዳ አውጥተው ስህተቱን ራሱ እስኪያገኘው ይጠብቁታል። 12ኛ ክፍል ላይ ተማሪዎቹን በሁለት ከፍለው፣ ከፈረቃቸው ውጭ አስጠርተው፣ አሮጌውን ላቦራቶሪ ከፍተው ቲትሬሽን፣ ማለትም አሲድና ቤዝ ጠብታ በጠብታ እያቀላቀሉ መጠኑን የሚለኩበትን ሙከራ፣ አሠርተዋቸዋል። ልጄ ያን ቀን እቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ የነገረችኝን አልረሳውም። «እማዬ፣ ጠብታው ሲወድቅ ሮዝ ይሆንና ወዲያው ይጠፋል፣ ደግሞ ሮዝ ይሆንና ይጠፋል፤ አንዴ ግን ሳይጠፋ ቀረ፤ መምህር 'ዝጉት! አሁን አንብቡት!' አሉን።» ጠብታው የሚወርድበትና የሚለካበት ቱቦ፣ ቢዩሬቱ፣ አንድ ብቻ ስለነበር ተራ ይዘው ነው የሠሩት፤ ፊኖልፍታሌን የተባለውን፣ ሮዝ የሚሆነውን ጠቋሚ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መሸምደድ አላስፈለጋትም።

ሁለተኛው ታማኝ ማርክ ነው። በ11ኛ ክፍል የመጀመሪያው ሰሚስተር ልጄ በፊዚክስ 61 አመጣች። ሁለት ቀን አለቀሰች፤ እኔም የክፍል ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። መምህሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ የፈተና ወረቀቷን አውጥተው አንድ በአንድ አሳዩኝ። «እኅቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም» አሉኝ። «ግን እስከ ዛሬ የተሰጣት ማርክ የራሷ አልነበረም። ይህ 61 የራሷ ነው፤ የጎደላትንም እነሆ ያዩታል።» የጎደላት ከ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ነበር። በክረምቱ እነዚያን ምዕራፎች ከአስጠኚ ጋር ደግማ ተማረች። በ12ኛ ክፍል ያገኘችው ውጤት ከአገር አቀፉ ፈተና ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጥቂት ነጥብ ብቻ ነበር፤ ማለፊያውንም በሚገባ አልፋለች። እንዲያ ተቀራርበው ሳያቸው ከማለፏ እኩል ነው ደስ ያለኝ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው ብሎ የሚገባ ወላጅ ግን ተሳስቷል። አስጠኚ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ባጃጅ፣ ለጥበቃና ለጥገና የሚሰበሰብ መዋጮ ተደምሮ ከግሉ ክፍያ እጅግ ቢያንስም ቀላል የሚባል አይደለም። የኮምፒውተር ነገርም አለ። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል፤ በልጄ ትምህርት ቤት የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ጥቂት ስለነበሩ ማውዙን መልመድ የነበረባት ከቤት ውጭ ነው። በዚህ በኩል የግሉ ትምህርት ቤት ሰፊ ብልጫ አለው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ፍርዴን ልስጥ። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል፣ በተለይ እንግሊዝኛው ገና ላልጠነከረና ክትትል ለሚያስፈልገው ልጅ፣ አቅም ላለው ቤተሰብ የግሉን እመርጣለሁ፤ ማርኩን ግን እንዳለ አልቀበልም። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል፣ ራሱን ችሎ ለሚያነብ ልጅ፣ በአካባቢው ነባር መምህራን ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤት ካለ ያለ ሐፍረት ወደዚያ ይውሰዱት እላለሁ። ከምዝገባ በፊት የሕንፃውን ቀለም ትተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የፊዚክስና የሒሳብ መምህሩ እዚያ ስንት ዓመት ቆየ፣ ላቦራቶሪው ባለፈው ወር የተከፈተው በየትኛው ቀን ነው፣ የአምናዎቹ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ውጤትና የአገር አቀፍ ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ ምን ይመስላል። የመጨረሻውን ለማሳየት የሚያመነታ ትምህርት ቤት፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ እኔ ልጄን አልሰጠውም። የሚቻል ከሆነ ደግሞ እዚያ ከሚማር የጎረቤት ልጅ አንድ ደብተር ተውሰው ይግለጡ፤ የተሳሳተ መልስ ላይ ራይት ካገኙ ሌላውን ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

የወንድሟን ጉዳይ ገና አልወሰንኩም። እሱ እንደ እህቱ ብቻውን የሚያነብ ልጅ አይደለም፤ ካልተጠሩት የማይነሣ፣ ሲከታተሉት ግን የሚሠራ ነው፤ በ68 ልጆች መካከል ዝም ብሎ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። የግሉ ትምህርት ቤት ባለፈው ስብሰባ የደብተርና የተሳትፎ ማርክ እንደሚቀንስ ነግሮናል፤ አዲሱ የፊዚክስ መምህርም ዓመቱን ሙሉ ቆይቷል። በነሐሴ ለምዝገባ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ መምህር በመስከረም ይመለስ እንደሆነ ነው፤ ይመለሳል ካሉኝ ልጄ እዚያው ይቀጥላል፣ አይመለስም ካሉኝ መሸኛውን በዚያው ቀን እጠይቃለሁ።