ግፊት አመጣጣኝ ያለው ፍሎው ኮንትሮል ቫልቭ በላሜራ ማጠፊያ ፕሬስ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በወርክሾፓችን ያለው የላሜራ ማጠፊያ ፕሬስ ሲሊንደር የውስጥ ዲያሜትሩ 80፣ የዘንጉ ደግሞ 45 ሚሊሜትር ነው፤ ፓምፑ በደቂቃ 20 ሊትር ይሰጣል፣ ሪሊፍ ቫልቩም (ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ዘይት የሚመልሰው) በ150 ባር ላይ ተስተካክሏል። ቀድሞ የመውረጃውን ፍጥነት ይቆጣጠር የነበረው በዘንግ በኩል በሚወጣው ዘይት ላይ ያለ ተራ ስሮትል (መተላለፊያውን በማጥበብ ዘይቱን የሚቀንስ ቫልቭ) ነበር። ፓንቹ (ላሜራውን ከላይ ተጭኖ የሚያጥፈው ክፍል) ላሜራውን ሲነካ በዘንግ በኩል ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ያ ግፊት ወደ ሩብ ሲቀንስ በስሮትሉ የሚያልፈው ዘይት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የላሜራው ውፍረት በተለወጠ ቁጥር ማስተካከያውን መነካካት ግድ ይል ነበር።

አዲሱ ቫልቭ ይህን አስቀርቶልናል። በውስጡ ያለው ስፑል (ተንሸራታች ክፍል) በማለፊያ ቀዳዳው ፊትና ኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት እኩል አድርጎ ስለሚይዝ፣ ፓንቹ በሰከንድ 15 ሚሊሜትር ገደማ እየወረደ ስስም ሆነ ወፍራም ላሜራ ሲያገኝ ፍጥነቱ አይለወጥም። የሚሸነፈው ፕሬሱ በአቅሙ ጫፍ ላይ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ያኔ በዘንግ በኩል የሚቀረው ግፊት ስፑሉን ለማሠራት አይበቃም።

ቅር የሚያሰኘኝ የአነሳሱ ነገር ነው። ማሽኑ ቆሞ ሳለ ስፕሪንጉ ስፑሉን ወለል አድርጎ ስለሚከፍተው፣ ሲነሳ ስፑሉ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ፓንቹ ለቅጽበት ዘልሎ ይወርዳል። ከላይ ሲነሳ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ሠራተኛው ምልክቱን ለማየት ከላሜራው ጥቂት ሚሊሜትር በላይ አቁሞ እንደገና ሲያስነሳው፣ ዝላዩ ላሜራውን ከመስመሩ ሊያዛንፈው ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚበዛበት ሰው የስፑሉን ጉዞ የሚገድብ ማስተካከያ ያለውን ዓይነት ቢገዛ እመክራለሁ።

ሙቀትን በተመለከተ ከቫልቩ ተአምር መጠበቅ አይገባም፤ ሲሊንደሩ ሲወርድ የሚወስደው በደቂቃ 4.4 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈው በሪሊፍ ቫልቩ በኩል ሲመለስ ወደ 4 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ቫልቩ በዘንግ በኩል በሚወጣው ዘይት ላይ መገጠሙን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ፓንቹ ወደ ታች የሚሠራና ከባድ በመሆኑ፣ በመግቢያው ላይ ቢሆን ኖሮ በራሱ ክብደት ያመልጥ ነበር። ይሁን እንጂ በዘንግ በኩል ያለው ስፋት አነስተኛ ስለሆነ፣ ጭነት በሌለበት ሰዓት 150ው ባር በዚያ በኩል ከ219 ባር በላይ ይሆናል። የዚያ በኩል ቱቦ፣ መገጣጠሚያና ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማ) የሚመረጡት በፓምፑ ጌጅ ንባብ ሳይሆን በዚህ ግፊት ልክ ነው።