የአሞኒያ ሌዘር መለኪያ፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

መሣሪያው ከጭስ ዳክቱ (የፋብሪካው ጭስ ከሚያልፍበት ትልቅ ቱቦ) በአንዱ ጎን ሌዘር ላኪ፣ ፊት ለፊቱ ተቀባይ ያለው ዓይነት ነው። የተገጠመው ከካታሊስቱ (አሞኒያና ናይትሮጅን ኦክሳይድ እንዲዋሃዱ ከሚያፋጥነው ክፍል) በኋላ፣ ከአየር ማሞቂያው በፊት፣ ጋዙ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚሆንበት ቦታ ነው። ሥራው ናይትሮጅን ኦክሳይድን ለማጥፋት ከተረጨው አሞኒያ ያመለጠውን መለካት ነው። ጥቂት ፒፒኤም (ከሚሊዮን ጥቂት እጅ) ቢያመልጥ እንኳ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ከሰልፈር ትራይኦክሳይድ ጋር አሞኒየም ባይሰልፌት ይሠራል፤ ይህ የሚጣበቅ ጨው አየር ማሞቂያውን ይደፍናል።

ሌዘሩ ራሱ አላስቸገረም። በሰከንዶች ውስጥ ይለካል፤ ጋዝ የሚስብ ቱቦ ስለሌለውም አሞኒያው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ አይቀርም። ያስቸገረው ጨረሩ የሚያልፍባቸውን የመስተዋት መስኮቶች ከብናኝ የሚጠብቀው አየር ነው። ከኮምፕሬሰር ሲመጣ የዘይት ጭጋግ ይዞ መስተዋቱ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል። ብሎወር (አየር የሚነፋ ማራገቢያ) እና ጥሩ ፊልተር ይሻላል። ፋብሪካው ሲቆም ብሎወሩን አብሮ ማጥፋት ትልቁ ስህተት ነው፤ ዳክቱ እስኪቀዘቅዝ መንፋት አለበት። መስኮቱ ሲቆሽሽ መጀመሪያ መሣሪያውን ከዳክቱ የሚለየውን ቫልቭ መዝጋት፣ ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ሁለተኛው ችግር አቅጣጫ ነው። ዳክቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ላኪውና ተቀባዩ የታሰሩባቸው ፍላንጆችም ይዞራሉ፤ በብርድ የተስተካከለ ጨረር በሙሉ ጭነት ተቀባዩን ይስታል። ስለዚህ ማስተካከያው ዳክቱ ሞቆ ሳለ ይሠራ። ከፒፒኤሙ በፊት የሚያልፈውን ብርሃን መጠን ማየት ልማድ ይሁን። ብርሃኑ ሲጠፋ መሣሪያው የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ከተዋቀረ፣ ኦፕሬተሩ የሞተ ንባብ አምኖ አሞኒያ ይረጫል። የብልሽት ምልክት እንዲልክ አድርጉት።

ለመሣሪያው የጋዙን ሙቀት ቋሚ ቁጥር አድርጋችሁ አትስጡት፤ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) አገናኙት። 350 ተብሎ ተሞልቶ ጋዙ 300 ዲግሪ ከሆነ፣ በጋዝ እፍጋት ልዩነት ብቻ ንባቡ 9 በመቶ ያህል ይዛባል።

በሙከራ ጋዝ የሚደረግ ፍተሻ ኤሌክትሮኒክሱን እንጂ ዳክቱን አይመሰክርም። ጨረሩ የሚያየው አንድ መስመር ነው፤ አሞኒያ የሚረጩት አፍንጫዎች ሲደፈኑ ደግሞ የሚያመልጠው ወደ አንድ ጎን ያደላል። ጋዙን ከበርካታ ነጥቦች ወስዶ አሞኒያውን በሚይዝ፣ በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ አሳልፎ ማመሳከር ግድ ነው። ብናኙ በጣም ከበዛም ጨረሩን በዳክቱ ማዕዘን በሰያፍ፣ በአጭር ርቀት ማሳለፍ ይሻላል።